በአንድ ማይክ ሦስት ጉዳይ፦ የጠዋት የሬዲዮ ፕሮግራም አዘገጃጀት

በአዲስ አበባ የጠዋት ሬዲዮ አድማጭ አብዛኛውን ጊዜ ጣቢያውን የመረጠው እሱ ራሱ አይደለም። ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ፣ ቁርስ ቤት ውስጥ አስተናጋጁ፣ ቤት ውስጥም ቀድሞ የተነሣው ሰው የከፈተውን ይሰማል፤ ከፕሮግራሙ መሀል ገብቶ ከመሀል ይወጣል። የታዋቂ ሰዎችን ወሬ፣ የዕለቱን ዐቢይ ጉዳይና ግልጽ ቃለ ምልልስን አንድ ላይ ለማቅረብ የሚያስብ አዘጋጅ ከሁሉ በፊት ይህን አድማጭ ማሰብ ይኖርበታል። መግቢያውን ያልሰማ ሰው በየትኛውም ደቂቃ ላይ ቢደርስ የሚነገረው የተረጋገጠ ዜና፣ የአቅራቢው አስተያየት ወይም ገና ያልተጣራ ወሬ መሆኑን ወዲያው መለየት መቻል አለበት። ሦስቱም የሚወጡት ከአንድ ድምፅ ስለሆነ በአንዱ የታየ ግድየለሽነት በሌሎቹም ላይ ያለውን እምነት ያበላሻል።

ለዚህ ዓይነቱ ቅይጥ ፕሮግራም በዓለም ከታወቁት አንዱ ኒው ዮርክ ከሚገኘው ፓወር 105.1 ጣቢያ ከዲሴምበር 2010 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚተላለፈው «ዘ ብሬክፈስት ክለብ» ነው። ዲጄ ኤንቪ፣ አንጄላ ዪና ሻርለማኝ ዘ ጋድ የጀመሩት ይህ ፕሮግራም የሂፕ ሆፕ አቀንቃኞችንና ለፕሬዚዳንትነት የሚወዳደሩ ፖለቲከኞችን በአንድ ወንበር ላይ እያፈራረቀ አስቀምጧል። አቀራረቡ አንዳንዴ ከጨዋነት ልክ ያልፋል፤ በእኔ እምነት ሁሉም ነገሩ ለእኛ አይሆንም። ይሁን እንጂ ወሬን «የወሬ ዘገባ» ብሎ በራሱ ስም፣ በተለየ ክፍል ሲያቀርብ መቆየቱ ብልህነት ነበር፤ አድማጩ የክፍሉን የመግቢያ ሙዚቃ ሲሰማ ምን እንደሚከተል ያውቅ ነበር።

የሰዓት አከፋፈል

ፕሮግራሙ ከጠዋቱ 12፡30 እስከ 3፡00 የሚቆይ ነው እንበል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ለአጫጭር ዜናዎች፣ ለመንገድ ሁኔታና ለቀላል ጨዋታ ይበቃል፤ በዚህ ሰዓት ረጅም ትንታኔ የሚከታተል ሰው የለም። ከ1፡00 ሰዓቱ ዜና በኋላ የዕለቱ ጉዳይ ይመጣል፤ እሱም አንድ ብቻ ቢሆን ይመረጣል። የታክሲ ታሪፍ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ፣ የነዳጅ ዋጋ ወይም የፈተና ውጤት ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር አድማጩ በዚያው ቀን የሚነካው መሆኑ ነው። ከ1፡30 በኋላ የታዋቂ ሰዎች ክፍል ይቀርባል፤ ከሩብ ሰዓት ባይበልጥ ጥሩ ነው። እንግዳው 1፡45 ገደማ ቢጀምር ቢሮ የሚገባው ሰው ገና መንገድ ላይ እያለ የውይይቱን ዋና ክፍል ይሰማል።

እንግዳው ሊዘገይ እንደሚችል አስቀድሞ ማሰብ ያስፈልጋል። ማታ መድረክ ላይ የነበረ ድምፃዊ በማለዳ ስቱዲዮ መድረስ ይከብደዋል፣ መንገዱም የራሱ ችግር አለው። ስለዚህ 12፡30 ላይ ከቤት መውጣቱን በስልክ የሚያረጋግጥ ሰው መመደብ፣ በተጨማሪም በማንኛውም ቀን ሊሰማ የሚችል አንድ የተቀዳ ቃለ ምልልስ አዘጋጅቶ ማስቀመጥ ይገባል። ውይይቱ ሲጀመር ደግሞ ሙሉውን ጊዜ ሳያቋርጡ ከመሄድ በሦስት ከፍሎ በየመሀሉ ሙዚቃና ማስታወቂያ ማስገባት ይሻላል፤ ከእያንዳንዱ እረፍት ሲመለሱም እንግዳውን በስምና በሥራው እንደገና ማስተዋወቅ ግዴታ ነው። ስቱዲዮ ውስጥ ላለው ሰው ድግግሞሹ አሰልቺ ቢመስልም አሁን ታክሲ የገባው ሰው የሚሰማው ለመጀመሪያ ጊዜ ነው።

የታዋቂ ሰዎች ወሬ

ብዙ አዘጋጆች ለፖለቲካ ዜና ሁለት ምንጭ እየፈለጉ ለአርቲስት ወሬ ግን አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ይበቃቸዋል። መሆን ያለበት የተገላቢጦሽ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። መሥሪያ ቤት ስለ እሱ የተነገረውን ስህተት በደብዳቤ ያስተባብላል፤ ፍቺዋ፣ ሕመሟ ወይም ዕዳዋ በሐሰት የተወራባት ተዋናይት ግን በዚያው ጠዋት ጎረቤት፣ ልጆቿን የምታደርስበት ትምህርት ቤትና የሥራ ባልደረቦቿ ፊት ትቆማለች። ከዚያ በኋላ ወደ ስቱዲዮ ኑ ብትባል አትመጣም፤ ጓደኞቿም አይመጡም። ግልጽ ቃለ ምልልስ የሚገኘው በወሬው ክፍል ካልተጎዱ ሰዎች መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

ለማጣራት የሚከተለው አካሄድ ይሠራል። ወሬው መጀመሪያ የወጣበት ቦታ ይፈለጋል፤ አሥር የቴሌግራም ቻናሎች ቢያወሩትም ሁሉም ከአንድ ገጽ የገለበጡት ሊሆን ይችላል፣ ያ ደግሞ አንድ ምንጭ እንጂ አሥር አይደለም። ከዚያ ባለጉዳዩ ራሱ ወይም ሥራ አስኪያጁ ከፕሮግራሙ በፊት በስልክ ይጠየቃል። ስልኩ ካልተነሣ ወሬው ለነገ ይቆያል። በቀጥታ ስርጭት ላይ ደውሎ ያላወቀውን ሰው «አየር ላይ ነህ» ማለት ለአንድ ጠዋት ያስቃል፤ ሆኖም ሰውየው ሳይፈቅድ ድምፁን ማሰራጨት ነውርም ነው፣ በሕግም ሊያስጠይቅ ይችላል።

የሞት ወሬ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። በእኛ ባህል መርዶ የሚነገረው በማለዳ፣ የቅርብ ዘመዶችና ሽማግሌዎች ተሰባስበው፣ የታመመ ወይም ልበ ደካማ ሰው ካለም ታስቦበት ነው። የጠዋት ፕሮግራም ደግሞ በትክክል በዚያ ሰዓት አየር ላይ ነው። መርዶው ገና በመንገድ ላይ እያለ ሬዲዮው ከቀደመ፣ ልጅ የአባቱን ሞት ታክሲ ውስጥ ሊሰማ ይችላል። አዲስ አበባ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን እኩለ ሌሊት አካባቢ ነው፤ እዚያ ያለች እህት ብቻዋን በስልኳ ታየዋለች። ስለዚህ የአንድ አርቲስት ሞት ከቤተሰቡ ከተረጋገጠ በኋላም ቢሆን «ለቅርብ ዘመዶች ሁሉ ተነግሯል ወይ?» የሚለው ጥያቄ ካልተመለሰ ዜናው መውጣት የለበትም። ሌላ ጣቢያ ቢቀድም ይቅደም። በሕይወት ያሉ ሰዎች ሞተዋል ተብሎ በተደጋጋሚ በሚወራበት በዚህ ዘመን መዘግየት ኪሳራ አይደለም።

የዕለቱ ጉዳይ

በዚህ ክፍል ላይ የሚነሣው ትልቁ ችግር የአድማጭ ስልክ ነው። ደዋዩ ምን ሊናገር እንደፈለገ ወደ አየር ከመግባቱ በፊት የሚጠይቅ፣ ስሙንና ስልኩን የሚመዘግብ አንድ ሰው ከስቱዲዮው ውጭ መቀመጥ አለበት። ጣቢያው ስርጭቱን በጥቂት ሰከንዶች የሚያዘገይ መሣሪያ ካለው ቴክኒሻኑ አጠቃቀሙን መለማመድ ይኖርበታል፤ ከሌለው ደግሞ ብሔርንና ሃይማኖትን በሚነካ ርዕሰ ጉዳይ ላይ ቀጥታ ስልክ ከመቀበል የተቀዳ የድምፅ መልእክት ማስተላለፍ ይመረጣል። የጥላቻ ንግግርና የሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 እና የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 የአዘጋጁ ጠረጴዛ ላይ ሊጠፉ አይገባም። የአየር ሰዓት ገዝተው ወይም ከጣቢያው ጋር ገቢ ተካፍለው የሚሠሩ ተባባሪ አዘጋጆች ይህን ይዘነጉታል፤ ፈቃዱ የጣቢያው በመሆኑ የእነሱ ስህተት ጣቢያውንም ያስጠይቃል።

አቅራቢው አስተያየቱን ቢሰጥ አይከለከልም፤ የጠዋት ፕሮግራም ያለ አስተያየት ደረቅ ነው። ነገር ግን ዜናውን አንብቦ ሲጨርስ ትንሽ ቆም ብሎ «ይህ የእኔ አስተያየት ነው» ማለት ይበቃዋል።

ግልጽ ቃለ ምልልስ

በአገራችን የረጅም ቃለ ምልልስ ምሳሌ ሲፈለግ ቀድሞ የሚነሣው የሸገር ኤፍ ኤም 102.1 «የጨዋታ እንግዳ» ነው። መዓዛ ብሩ አንድን እንግዳ ከልጅነቱ ጀምራ ረጋ ብላ እየጠየቀች ታሪኩን ለተከታታይ ሳምንታት ስታቀርብ ቆይታለች። የጠዋት ፕሮግራም ይህን ያህል ጊዜ የለውም፤ ትዕግሥቱን ግን ሊወርስ ይችላል። ሙሉ ሕይወትን በግማሽ ሰዓት ለመጨረስ ከመሮጥ አንድ ዘመን ወይም አንድ ውሳኔ መርጦ እሱን ብቻ መጠየቅ ይሻላል።

ከእንግዳው ጋር የሚደረገው ስምምነት ግልጽ መሆን አለበት። ጥያቄዎቹ በዝርዝር አይላኩም፤ ከተላኩ እንግዳው በቃል የተጠና መልስ ይዞ ይመጣል። የሚነሡት ርዕሶች ግን ይነገሩታል። «ስለዚህ ጉዳይ አትጠይቁኝ» ካለ አዘጋጁ ወይ ተቀብሎ ቃሉን ይጠብቃል፣ ወይም ያለዚያ ጉዳይ ውይይቱ ትርጉም እንደማይኖረው ነግሮ ቀጠሮውን ይተወዋል። «እሺ» ብሎ አየር ላይ መጠየቅ ክህደት ነው። ስለ ቀድሞ ባል ወይም ሚስት ክፉ ነገር ከተነገረም እዚያ ለሌለው ሰው መልስ የመስጠት ዕድል ሊዘጋጅለት ይገባል፤ የልጆች ስምና ትምህርት ቤት ደግሞ እንግዳው ራሱ ቢጠራው እንኳ በተቀዳ ፕሮግራም ላይ ተቆርጦ ቢቀር መልካም ነው።

አጠራሩም አስቀድሞ ይወሰናል። ዕድሜው ለገፋ አንጋፋ ድምፃዊ «እርስዎ» ወይም «ጋሼ»፣ ለወጣቱ «አንተ» ማለት የተለመደ ነው። ሁለት አቅራቢዎች ካሉ አንዱ «አንቺ» ሌላው «እርስዎ» እያለ አንዲትን ሴት ሲጠይቅ ጆሮ ይጎረብጣል፤ እንግዳዋም ለየትኛው አቅራቢ ዘና ብላ ለየትኛው ተጠንቅቃ እንደምትናገር ይጠፋታል። ማይክ ከመከፈቱ በፊት «እንዴት ብንጠራዎ ይመርጣሉ?» ብሎ መጠየቅ ነገሩን ይጨርሰዋል።

ከባዱ ሥራ የጥያቄው አቀራረብ ነው። የእኛ ሰው ስለ ራሱ ሲጠየቅ «ተመስገን ነው»፣ «ያው ሕይወት ነው»፣ «ፈጣሪ ያውቃል» በሚሉ መልሶች ራሱን ይከልላል፤ ይህ ጨዋነት እንጂ ተንኮል አይደለም። «ፍቺው ምን ስሜት ፈጠረብህ?» ብሎ የጠየቀ አቅራቢ ከእነዚህ መልሶች አንዱን መቀበሉ አይቀርም። «ከዚያ ቤት የወጣህ ቀን ምን ይዘህ ወጣህ? ያን ሌሊትስ የት አደርክ?» ቢል ግን እንግዳው ሻንጣውን፣ ያሳደረውን ጓደኛውን፣ ያልበላውን ራት ያስታውሳል፤ ስሜቱ ከዚያ በኋላ ሳይጠየቅ ይመጣል። እንግዳው ዝም ካለ አቅራቢው ዝምታውን ለመሙላት መቸኮል የለበትም። ሦስት ወይም አራት ሰከንድ በሬዲዮ ላይ ረጅም ቢመስልም ብዙ ጊዜ እውነተኛው መልስ የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። «አዎን»፣ «ልክ ነው»፣ «እህ» እያሉ በየቃሉ መሀል መግባትም ድምፁን ያበላሻል፤ ራስን መነቅነቅ ይበቃል።

የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ከተጠበቀው በላይ ዋጋ አላቸው። በሜይ 2020 እ.ኤ.አ. ጆ ባይደን በዘ ብሬክፈስት ክለብ ላይ ከሻርለማኝ ጋር ሲወያዩ ረዳታቸው ጊዜው ማለቁን ተናገረች፤ ሻርለማኝም ገና ብዙ ጥያቄ እንዳለው ነገራቸው። ባይደን እሳቸውን ይሁን ትራምፕን ለመምረጥ የተቸገረ ሰው ጥቁር አይደለም የሚል ትርጉም ያለው ቃል የተናገሩት ያኔ ነው። በዚያው ዕለት እንደዚያ በቀላሉ መናገር እንዳልነበረባቸው ገልጸው ለማስተካከል ተገደዱ። እንግዳ ሁሉ ውይይቱ ያለቀ ሲመስለው ጥንቃቄውን ይተዋል፤ ስለዚህ ስንብቱን በምስጋና ጋጋታ ከመሙላት ለአንድ አጭር ጥያቄ ቦታ መተው ይገባል። ማይኩ ከተዘጋ በኋላ የተነገረው ግን የእንግዳው ነው፤ ያለ ፈቃዱ አይወጣም።

ገንዘቡና ከፕሮግራሙ በኋላ ያለው

ስፖንሰር ያስፈልጋል፤ ሆኖም የስፖንሰሩን ስም በዜና ንባብ መሀል ማስገባት አይገባም። በጠዋቱ ሰዓት የአልኮል መጠጥ ማስታወቂያ ማሰራጨት በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 የተከለከለ በመሆኑ የቢራ ፋብሪካ ተስፋ ላይ በጀት የሚሠራ አዘጋጅ ይከስራል። አዲስ አልበም ያወጣ ድምፃዊ ከፍሎ ከቀረበም ክፍያው ለአድማጩ መነገር አለበት፤ እንዲያ ያለው ውይይት ግልጽ ቃለ ምልልስ ተብሎ ሊጠራ አይችልም።

ፕሮግራሙ ካለቀ በኋላ ቅጂው ተቆራርጦ በዩቲዩብና በቲክቶክ ይለቀቃል። እዚህ ላይ አርዕስቱን የሚጽፈው ሰው ውይይቱን ሙሉ ያዳመጠ መሆን ይኖርበታል፤ «ጉድ ፈላ» የሚል አርዕስት በእርጋታ በተሠራ ቃለ ምልልስ ላይ ከተለጠፈ እንግዳው በሁለተኛው ቀን ስልክ አያነሣም። ስህተት ከተገኘ ደግሞ እርማቱ በማግስቱ፣ ስህተቱ በተነገረበት ሰዓትና ክፍል፣ በዚያው አቅራቢ ድምፅ ይነበባል፤ በዩቲዩብ ላይ ያለው ቅጂም በዚያው ቀን ይታረማል ወይም ይነሣል።