እንግዳ ፍጡር ታየ ሲሏችሁ

«እንግዳ ፍጡር ታየ» የሚል ቪዲዮ ሲደርሳችሁ፣ ለሌላ ከማጋራታችሁ በፊት አብሮት የመጣውን ክርክር ልብ ብላችሁ ስሙት። ብዙ ጊዜ ስህተቱ የሚገኘው እዚያ ነው።

ዋናው ወጥመድ «እስቲ አለመኖሩን አረጋግጥ» የሚለው ነው። ማስረጃ ማምጣት ያለበት አለ ያለው ሰው ነው፤ እናንተ አይደላችሁም። እ.ኤ.አ. በ2018 ተመራማሪዎች፣ ረጅም አንገት ያለው ተሳቢ መሳይ ግዙፍ ፍጡር ይኖርበታል ከሚባለው ከስኮትላንዱ ሎክ ኔስ ሐይቅ ውሃ ቀድተው በውስጡ ያለውን ዲኤንኤ መረመሩ። የኢል ዓሣ ዲኤንኤ በብዛት አገኙ፤ የተሳቢ እንስሳ ግን ጭራሽ የለም። «እንግዲያው ተሳቢ አይደለማ!» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አንድ ነገር ጠይቁት፦ ምን ቢገኝ ነው ሐሳብህን የምትቀይረው? መልስ ከሌለው ክርክሩን እዚያው ተዉት።

ሌላው ደግሞ «ሲላካንት የተባለው ዓሣም ጠፋ ተብሎ ተገኝቶ የለ?» የሚለው ክርክር ነው። ዓሣው ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት ጠፍቷል ሲባል እ.ኤ.አ. በ1938 ደቡብ አፍሪካ ጠረፍ ላይ ተያዘ። እውነት ነው፣ ደስ የሚል ታሪክም ነው። ግን የታመነው ዓሣው ራሱ ስለተገኘ ነው እንጂ ወሬው ስለበዛ አይደለም። የአንዱ መገኘት ለሌላው ማስረጃ አይሆንም።

«ይህን ሁሉ ዓመት ሰው ተሳስቶ ነው?» ለሚሉም መልስ አለ። እ.ኤ.አ. በ1934 የታተመው ታዋቂው የሎክ ኔስ ፎቶ ብዙዎችን ለ60 ዓመት ያህል አሳምኗል። በ1990ዎቹ እንደተጋለጠው፣ ረጅም አንገት የተሰካበት የመጫወቻ ሰርጓጅ መርከብ ነበር።