የንግድ ወደብ ጥበቃ እንዴት ይደራጃል? ከሰው ምደባ እስከ ልምምድ

ገንዘብ ካለ አጥር፣ ካሜራና የኮንቴነር መፈተሻ ስካነር በጥቂት ወራት ተገዝቶ ይተከላል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ በር የሚጠብቀውን ሰው መርጦ፣ አሠልጥኖና ሥልጣን ሰጥቶ ማቆም ግን ብዙ ትዕግሥት የሚጠይቅ ሥራ ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ነው።

የኢትዮጵያ የገቢና የወጪ ንግድ እጅግ የሚበዛው ክፍል በጅቡቲ በኩል ስለሚያልፍ ጉዳዩ የባሕር በር ላላቸው አገሮች ብቻ የሚተው አይደለም። አንድ ኮንቴነር ከጅቡቲው ዶራሌ ወደብ ተነሥቶ ሞጆ ደረቅ ወደብ እስኪደርስ በስንት ሰው እጅ እንደሚያልፍ ሾፌርና ትራንዚተር ጠንቅቀው ያውቃሉ። መነሻው ላይ የተበላሸ ነገር ካለ የመንገዱ ፍተሻ ሁሉ እሱን ሲያሳድድ ይውላል። አሠራሩ የተጻፈው መርከብ የሚያስተናግድ ወደብን ለሚመራ የጥበቃ ኃላፊ ቢሆንም፣ ደረቅ ወደብ ወይም ትልቅ መጋዘን የሚያስተዳድር ሰውም ከሥራው ጋር አዛምዶ ሊጠቀምበት ይችላል።

1. ከኮዱ ይጀምሩ

በዓለም አቀፍ መስመር የሚመላለሱ መርከቦችን የሚያስተናግዱ ወደቦች የሚመሩት አይ.ኤስ.ፒ.ኤስ. በሚባለው የመርከቦችና የወደብ ተቋማት ደኅንነት ኮድ ነው። ኮዱ በዓለም አቀፉ የባሕር ድርጅት ጉባኤ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2002 ለንደን ላይ ጸደቀ፤ ከጁላይ 1 ቀን 2004 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ሁለት ክፍሎች አሉት፤ የመጀመሪያው አስገዳጅ ነው፣ ሁለተኛው አፈጻጸሙን የሚያብራራ መመሪያ ነው።

ከወደቡ የሚጠበቁት ዋና ዋና ነገሮች ሦስት ናቸው፦ የስጋት ግምገማ፣ በግምገማው ላይ የተመሠረተና መንግሥት ያጸደቀው የደኅንነት ዕቅድ፣ እንዲሁም በስም የተመደበ የወደብ ተቋም ደኅንነት ኃላፊ። ከእነዚህ በተጨማሪ መንግሥት የሚያውጃቸው ሦስት የደኅንነት ደረጃዎች አሉ። ደረጃ 1 የዘወትሩ ነው። ደረጃ 2 ስጋት ከፍ ሲል፣ ደረጃ 3 ደግሞ አደጋው ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ወይም የመድረሱ ዕድል ሲሰፋ ይታወጃል። የሰው ኃይልዎን ሲያቅዱ ለሦስቱም ማቀድ አለብዎት። ለደረጃ 1 ብቻ ሰው ቀጥሮ ደረጃ 2 ሲታወጅ መሯሯጥ በጣም የተለመደ ድክመት ነው።

2. የጥበቃ ቦታዎችን በእግር ዞረው ይቁጠሩ

ካርታ ላይ ብቻ ተመሥርተው አይቁጠሩ። ቀን አንድ ጊዜ፣ ሌሊት አንድ ጊዜ ግቢውን በእግር ይዙሩ። የጭነት መኪና መግቢያና መውጫ፣ የእግረኛ በር፣ መርከብ የሚታሰርበት ዳርቻ፣ የአደገኛ ጭነት ማስቀመጫ፣ የካሜራ መቆጣጠሪያ ክፍል፣ የዙር ጥበቃ፣ የኮምፒውተር ሰርቨር ክፍል እያሉ ይመዝግቡ። የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በጁን 2017 ኖትፔትያ የተባለው የኮምፒውተር ጥቃት ትልቁን የመርከብ ኩባንያ ሜርስክን ሲመታ በተለያዩ አገሮች ያሉ የኩባንያው ተርሚናሎች ኮንቴነር ማስገባትና ማስወጣት አቅቷቸው ነበር።

በተለይ ጀርባዎን ለባሕሩ አይስጡ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 12 ቀን 2000 በየመን ዓደን ወደብ ውስጥ ነዳጅ ይቀዳ የነበረውን ኮል የተባለ የአሜሪካ የጦር መርከብ የመታው ፈንጂ የጫነ ትንሽ ጀልባ ነበር፤ 17 መርከበኞች ሞቱ። ጀልባው የመጣው በየብስ በር አይደለም። ወደ መርከቡ የሚጠጋን ጀልባ የሚከታተል፣ ማን እንደሆነ የሚጠይቅና ለማን እንደሚደውል የሚያውቅ ሰው በዝርዝርዎ ውስጥ ከሌለ ዝርዝሩ ጎዶሎ ነው።

3. የሰው ብዛቱን ያስሉ

እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይፈጸማል። “በቀን ሦስት ፈረቃ ስላለ ለአንድ ቦታ ሦስት ሰው ይበቃል” የሚለው ስሌት የተሳሳተ ነው።

ቀንና ሌሊት ሰው የማይለየው አንድ ቦታ በዓመት 8,760 ሰዓት ይፈልጋል። በሳምንት 48 ሰዓት የሚሠራ ሠራተኛ (የኢትዮጵያ አሠሪና ሠራተኛ ሕግ መደበኛ ጣሪያ ይኸው ነው) በ52 ሳምንት 2,496 ሰዓት ይሠራል። ለዓመት ፈቃድ፣ ለሕዝብ በዓላት፣ ለሕመምና ለሥልጠና 300 ሰዓት ቢቀነስ 2,196 ይቀራል። ወደ ቦታው ፍላጎት ደግሞ የርክክብ ጊዜ ይጨመራል። በየፈረቃው 15 ደቂቃ፣ በዓመት 274 ሰዓት ያህል ይሆናል። ድምሩን 9,034 ለ2,196 ሲያካፍሉ ውጤቱ 4.1 ነው። ስለዚህ 20 የማያቋርጡ ቦታዎች ያሉት ወደብ፣ የፈረቃ አለቆችን ሳይጨምር፣ ከ82 በላይ ሰው ያስፈልገዋል። 60 የቀጠረ ወደብ ጉድለቱን የሚሞላው ሰዎቹን ድርብ ፈረቃ እያሠራ ነው። አሥራ ስድስት ሰዓት የቆመ ሰው በር ላይ ቢገኝም አያይም፤ ቢያይም አይጠይቅም። የበጀት ኃላፊው ሲከራከርዎት ይህን ስሌት ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጡለት።

ለደረጃ 2 የሚጨመሩትን ሰዎች ከየት እንደሚያመጡ አስቀድመው በጽሑፍ ይወስኑ፦ ከዕረፍት የሚጠሩ፣ ከኮንትራት ድርጅት የሚመጡ፣ ከፖሊስ ጋር በተደረገ ስምምነት የሚመደቡ። ከውጭ የሚመጡትም ግቢውን አስቀድመው ሊያውቁት ይገባል።

4. ሰው ሲመርጡ

የቀድሞ ወታደር ወይም ፖሊስ መሆን ጥሩ ነገር ነው፤ ብቻውን ግን አይበቃም። የወደብ ጥበቃ አብዛኛው ሥራ ሰነድ ማንበብ፣ ቁጥር ማመሳከርና ከተናደደ ሰው ጋር በጨዋነት መነጋገር ነው። በጅቡቲ በር ላይ የሚሠራ ሰው በአንድ ፈረቃ ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ ዓረብኛና ፈረንሳይኛ የሚናገሩ የአገሩን ሰዎች፣ አማርኛና ኦሮምኛ የሚናገሩ ሾፌሮችን፣ እንግሊዝኛ የሚሞክሩ መርከበኞችን ሊያስተናግድ ይችላል። ከአንድ ቋንቋ በላይ የሚችል ሰው በር ላይ ይመደብ። ሴት ፈታሾችም በየፈረቃው ይኑሩ፤ ሴትን ሴት እንጂ ወንድ አይፈትሻትም።

የኋላ ታሪክ ማጣራት የግድ ነው፤ አንድ ጊዜ ብቻም አይበቃም። አሜሪካ ውስጥ ያለ አጃቢ ወደ ወደብ የተጠበቀ ክልል የሚገባ ሁሉ፣ ኮንቴነር የሚያመላልሱ ወገኖቻችንንም ጨምሮ፣ ትዊክ የሚባለውን መታወቂያ መያዝ አለበት። ካርዱ የሚሰጠው ማጣራት ከተደረገ በኋላ ሲሆን የሚያገለግለውም ለ5 ዓመት ነው። እንዲህ ያለ አሠራር በሌለበት አገርም ቢሆን በየተወሰነ ጊዜ ማጣራቱን የሚያድስ ደንብ ማውጣት ይቻላል።

5. ሥልጠናውን በሦስት እርከን ይክፈሉት

ኮዱ ሠራተኛውን በሦስት ይከፍላል፦ የደኅንነት ኃላፊው፣ የጥበቃ ግዴታ ያለባቸው ሠራተኞች እና ሌላው የወደቡ ሠራተኛ በሙሉ። ሦስተኛው ቡድን ብዙ ጊዜ ችላ ይባላል። ክሬን ነጂው፣ ጽዳት ሠራተኛዋና የቢሮ ጸሐፊው ግን ከማንኛውም ዘበኛ ቀድመው እንግዳ ነገር ያያሉ። ለእነሱ የግማሽ ቀን ትምህርት ይበቃል፦ የደኅንነት ደረጃዎቹ ምን ማለት እንደሆኑ፣ ምን ሲያዩ እንደሚያሳውቁና ለማን እንደሚደውሉ።

ለጥበቃዎቹ የሚሰጠው ሥልጠና ረዘም ይላል፣ አብዛኛውም ተግባር ይሁን። ኮንቴነር መመርመርን እንውሰድ። ሠልጣኙን ክፍል ውስጥ ስላይድ ከማሳየት እውነተኛ ኮንቴነር አጠገብ ያቁሙት። ሰባት ቦታ ይፈተሻል፦ የፊት ግድግዳ፣ የግራ ጎን፣ የቀኝ ጎን፣ ወለል፣ ጣሪያ፣ በሮቹ ከውስጥና ከውጭ፣ ከሥር ያለው አካል። ውስጡ ከውጩ ሲለካ ካጠረ የሐሰት ግድግዳ ሊኖር ይችላል። አዲስ ቀለም፣ አዲስ ብየዳ፣ ከሌሎቹ የተለየ ብሎን ሁሉ ምልክት ነው።

ፕሎምፑን፣ ማለትም የኮንቴነሩ በር የሚታሸግበትን ባለቁጥር ማሸጊያ፣ መመርመርም እንዲሁ በእጅ የሚለመድ ነው። መጀመሪያ በዓይን ይታያል። ከዚያ ቁጥሩ ከሰነዱ ጋር ይመሳከራል፤ ሾፌሩ የሚያነብለትን ቁጥር ሰምቶ መጻፍ ማመሳከር አይባልም። ቀጥሎ ጠበቅ አድርጎ ይጎተታል። በመጨረሻ ይጠመዘዛል። ተቆርጦ በማጣበቂያ የተገጠመ ፕሎምፕ ለዓይን ደህና ይመስላል፣ ሲጎተትና ሲጠመዘዝ ግን ይላቀቃል። ሠልጣኞቹ ራሳቸው ሊያገኙት እንዲችሉ ከአሥር ደህና ፕሎምፖች መካከል አንድ የተነካካ ይደባልቁ።

ጥበቃዎች የአደገኛ ጭነት ምልክቶችንም ማወቅ አለባቸው። ዓለም አቀፉ የባሕር ደንብ አደገኛ ጭነትን በ9 ምድቦች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ የራሱ ምልክት አለው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 4 ቀን 2020 ቤይሩት ወደብ ውስጥ የፈነዳው 2,750 ቶን ያህል አሞኒየም ናይትሬት ለዓመታት መጋዘን ውስጥ የተቀመጠ ነበር፤ ከ200 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ያን ጭነት እዚያ ያቆየው የባለሥልጣናት ውሳኔ እንጂ የዘበኞች ድክመት አይደለም። ሆኖም በየቀኑ መጋዘኑን የሚዞር ሰው የሚያየውን ምልክት ማንበብ፣ ያየውን መጻፍና ምላሽ እስኪያገኝ መጠየቅ ይችል ዘንድ መሠልጠን መብቱ ነው።

ፍተሻ ሲያስተምሩ አንድ ነገር አጥብቀው ይንገሩ፦ ሰው የሚጠረጠረው በሚያደርገው ነገር ነው። ዘሩ፣ ሃይማኖቱ ወይም መልኩ ምክንያት አይሆንም። የኮዱ መመሪያም ይህንኑ ይመክራል። ቀናት በሰልፍ ቆይቶ በሩ ላይ የደረሰ ሾፌር ሰላምታና ግልጽ ማብራሪያ ይገባዋል። ለወራት ባሕር ላይ የቆየ መርከበኛም ወደ ከተማ እንዲወጣ የወደቡ ዕቅድ ሥርዓት ማበጀት አለበት፤ “ለደኅንነት ሲባል” እያሉ መርከቡ ላይ ማስቀረት የኮዱን መንፈስ ይቃረናል።

6. “አይቻልም” የማለት ሥልጣን ይስጧቸው

ሥራ አስኪያጁ ባጁን ቤት ረስቶ ቢመጣ ዘበኛው ምን ያደርጋል? መልሱ “ያሳልፈዋል” ከሆነ ባጅ ያልያዘ ሌላ ሰውም ያልፋል ማለት ነው። ይህን በሥልጠናው የመጀመሪያ ቀን ሥራ አስኪያጁ ራሱ መጥቶ ለሠልጣኞቹ ይንገራቸው፤ “እኔንም አቁሙኝ” ብሎ በአንደበቱ። ከዚያ በኋላ ኃላፊን ያቆመ ዘበኛ ከተገሠጸ የተማሩት ሁሉ በአንድ ቀን ይፈርሳል።

ከዚህ የሚከብደው የጉቦ ፈተና ነው። አንትወርፕንና ሮተርዳምን በመሳሰሉ ትልልቅ ወደቦች የኮኬይን አዘዋዋሪዎች ኮንቴነር የሚወጣበትን የምስጢር ቁጥር ከሠራተኞች እየገዙ፣ ሕጋዊ ተቀባዩ ሳይደርስ ሳጥኑን እንደሚያስወጡ የአውሮፓ ኅብረት የፖሊስ ተቋም ዩሮፖል እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጣው ሪፖርት ገልጿል። ሰውየው መጀመሪያ ሲቀርብ ወንጀለኛ አይመስልም። ቡና ይጋብዛል፣ ትንሽ ውለታ ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ጥያቄ ላይ ማስፈራራት ይመጣል። ስለዚህ ሠልጣኞች የመጀመሪያውን ግብዣ እንዲያውቁት በተግባር ያጫውቷቸው፤ አንዱ ጠያቂ፣ ሌላው ተጠያቂ ይሁን። ሪፖርት የሚያደርግ ሰው ከቅርብ አለቃው ውጭ የሚደውልበት ሌላ መስመር ይኑረው፣ አለቃው ራሱ የተገዛ ሊሆን ይችላልና። ቦታ ማቀያየር፣ የምስጢር ቁጥር ማየት የሚችሉትን ሰዎች መቀነስ፣ አንድ ኮንቴነር ለመልቀቅ የሁለት ሰው ፊርማ መጠየቅ ሁሉ ይረዳል። ደመወዙ ቤተሰብ የማያኖር ከሆነ ግን እነዚህ ሁሉ ለጊዜው ብቻ ያስታግሳሉ።

7. ፈረቃና ርክክብ

ርክክቡ ቆመው፣ በመዝገብ፣ ፊት ለፊት ይሁን፤ ክፍት የቀረ ጉዳይ፣ የተበላሸ መሣሪያ፣ የሚጠበቅ መርከብ በጽሑፍ ይተላለፉ። ካሜራ የሚከታተል ሰው በየግማሽ ሰዓቱ ወይም በየሰዓቱ ቢቀየር ይመረጣል፤ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ትኩረቱ ቶሎ ይደክማል።

8. ልምምድ ያድርጉ፣ ውጤቱንም ይመዝግቡ

በኮዱ መሠረት አነስተኛ ልምምድ ቢያንስ በየ3 ወሩ ይደረጋል። መርከቦች፣ ፖሊስና ሌሎች ተቋማት የሚሳተፉበት ሰፊ ልምምድ ደግሞ ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ይደረግ፤ በአንዱ ሰፊ ልምምድና በሚቀጥለው መካከልም ከ18 ወር ያልበለጠ ጊዜ ይኑር። አነስተኛው ልምምድ አንድ ነገር ብቻ ይፈትን፦ ባለቤቱ ያልታወቀ ሻንጣ፣ የተሳሳተ የፕሎምፕ ቁጥር፣ ሬዲዮ የማይሠራበት ሰዓት፣ ወደ መርከብ የሚጠጋ ጀልባ፣ ከወደቡ ከፍ ባለ የደኅንነት ደረጃ ላይ ሆኖ የሚመጣ መርከብ። በመጨረሻው ሁኔታ የወደቡና የመርከቡ ደኅንነት ኃላፊዎች ተነጋግረው ማን ምን እንደሚያደርግ በሰነድ ይፈራረማሉ። ይህን ሰነድ ሞልቶ የማያውቅ ኃላፊ እውነተኛው ቀን ሲመጣ ይደናገራል።

የልምምድ መዝገብ ላይ “በተሳካ ሁኔታ ተጠናቀቀ” ብቻ ተጽፎ ካገኙ አይቀበሉት። ስንት ሰዓት ላይ ታወቀ፣ ማን ለማን ደወለ፣ ምላሽ በስንት ደቂቃ መጣ፣ ምን ሳይሠራ ቀረ የሚለው ይጻፍ። ጉድለቱ የሰው ከሆነ ሥልጠናው፣ የአሠራር ከሆነ ዕቅዱ ይስተካከል፤ ዋና የዕቅድ ለውጥ መጀመሪያ ለሚመለከተው የመንግሥት አካል ቀርቦ መጽደቅ አለበት። እርማቱ ከገባ በኋላ ያንኑ ልምምድ ጉድለቱ የታየበት ፈረቃ ላይ፣ አስቀድሞ ሳይነገረው፣ በሌሊት ይድገሙት።