ረጅም ጽሑፍን በቢጋር ማዋቀር፦ በዎርድ እና በፍሪፕሌን

ረጅም ጽሑፍ ላይ ሰው የሚያስቸግረው ዓረፍተ ነገሩ አይደለም። የቱ ሐሳብ ከየቱ ሥር እንደሚገባ መወሰኑ ነው። ቢጋር (የጽሑፉን ሐሳቦች በየደረጃቸው የሚያሳይ ንድፍ) መሥሪያ ሶፍትዌሮች የሚጠቅሙት እዚህ ላይ ነው። አንዱን ተዋረድ አንዴ በዝርዝር፣ አንዴ በቅርንጫፍ ያሳዩናል። አንዱ የሸሸገውን ስህተት ሌላው ያወጣዋል። ዎርድ ብዙ ሰው ጋ አለ። ሐሳብን በቅርንጫፍ የሚያሳየው ፍሪፕሌን ደግሞ ነፃ ነው፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ምሳሌያችን ስለ ኢትዮጵያ ቡና የሚጻፍ ጽሑፍ ይሁን።

ዎርድ ላይ የመጣላችሁን ሐሳብ ሁሉ በየመስመሩ ጻፉ። ቅደም ተከተሉ አያስጨንቃችሁ። ሁሉንም ምረጡና ኮንትሮል፣ አልትና 1ን አንድ ላይ ተጫኑ። እያንዳንዱ መስመር ዋና ርዕስ ይሆናል። ይህን እርምጃ አትዝለሉት። ፊደል ማድመቅና ማተለቅ ለዓይን ነው እንጂ ለዎርድ ርዕስ አይደለም። እንደዚያ የተሠራ የመመረቂያ ጽሑፍ ማውጫው በእጅ ይጻፋል፤ አንድ አንቀጽ በተጨመረ ቁጥር ገጹ እንደ አዲስ ይለቀማል። ለምን ይህን ያህል ልፋት?

ቀጥሎ ቪው ውስጥ አውትላይንን ክፈቱ። አልትና ሺፍትን ይዛችሁ የቀኝ ቀስት ስትጫኑ ርዕሱ አንድ ደረጃ ይወርዳል፤ የግራው ይመልሰዋል። የላይና የታች ቀስቶች ቦታ ያቀያይራሉ። አማርኛ ኪቦርድ የጫናችሁ ልብ በሉ፦ አልትና ሺፍት ዊንዶውስ ላይ ቋንቋ መቀየሪያም ናቸው። ቀስቱን ሳትጫኑ ከለቀቃችኋቸው ኪቦርዱ ወደ እንግሊዝኛ ሊዞር ይችላል። እኔ ታብን እመርጣለሁ። ታብ ያወርዳል፣ ሺፍትና ታብ ያወጣል።

አሁን ዋናው ሥራ መጣ። “ይርጋጨፌ፣ ሲዳማ፣ ሐረር፣ የታጠበ፣ ያልታጠበ” ብላችሁ በአንድ ደረጃ ደርድራችኋል እንበል። በዝርዝር ሲታይ ጥሩ ይመስላል። ግን ሦስቱ የቦታ ስሞች ናቸው፤ ሁለቱ የአዘገጃጀት ዓይነቶች። ይርጋጨፌ ታጥቦም ሳይታጠብም ይዘጋጃል። ታዲያ ስለ እሱ የምታውቁትን የት ታስገቡታላችሁ? ግማሹን እዚህ፣ ግማሹን እዚያ ትጽፉና ሦስተኛው ገጽ ላይ ራሳችሁን ትደግማላችሁ።

ይህንኑ ፍሪፕሌን ላይ ሥሩት። ታብ ንዑስ ቅርንጫፍ ያወጣል፤ ኢንተር ከጎን ይጨምራል። ከዎርድ ገልብጦ መለጠፍም ይቻላል፤ ግን ደረጃው ሊጠፋባችሁ ይችላል። ሃያ ሠላሳ መስመር ከሆነ እንደገና መጻፉ ይሻላል። እየጻፋችሁ ታስባላችሁ። “የታጠበ” ከሚለው ሥር ሲዳማና ይርጋጨፌ ይገባሉ። “ያልታጠበ” ከሚለው ሥር እነሱው ይደገሙና ሐረር ይጨመራል። አንድ ስም ሁለት ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ሲታይ ችግሩ ፍንትው ይላል።

መፍትሔው በአንድ ደረጃ ላይ አንድ መለያ ብቻ መጠቀም ነው። አንባቢያችሁ ስለ አዘገጃጀት ማወቅ ከፈለገ ታጥቦ ወይም ሳይታጠብ ብላችሁ ክፈሉ። የየአካባቢው ጣዕም ከሆነ የሚፈልገው፣ በቦታ ክፈሉ። ሁለቱም እኩል ካስፈለጉ ግን ነገሩ ተዋረድ አይደለም። ቦታው ወደ ታች፣ አዘገጃጀቱ ወደ ጎን የተደረደረበት ሠንጠረዥ አስገቡ። ፍሪፕሌን አንዱን ቅርንጫፍ ሁለት ቦታ የሚያሳይበት መንገድም አለው፤ አንዱን ስታርሙ ሌላው አብሮ ይታረማል። ለግል ማስታወሻ ግሩም ነው። ከላይ ወደ ታች ለሚነበብ ጽሑፍ ግን አልመክረውም።

የተስተካከለውን ወደ ዎርድ መልሱ። አልት፣ ሺፍትና 1 ስትጫኑ ዋና ርዕሶች ብቻ ይቀራሉ። ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቧቸው። ጉዳዩን የማያውቅ ሰው ሰምቶ ካልተከተለው ቅደም ተከተሉ ገና ነው። ዎርድ እስከ 9 ደረጃ ይፈቅዳል። ለአብዛኛው ሥራ 3 ይበቃል። ከሥሩ አንድ ንዑስ ርዕስ ብቻ ያለውን ከእናቱ ጋር አዋህዱት።

አንድ አደጋ አለ፦ የታጠፈ (ከሥሩ ያለው የተሸሸገ) ርዕስ መርጣችሁ ስትሰርዙ ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ማንኛውንም ነገር ከማጥፋታችሁ በፊት በአልት፣ ሺፍትና ኤ ሁሉንም ዘርጉ። ካመለጣችሁ ወዲያው ኮንትሮልና ዜድ።

በመጨረሻ ሪፈረንስስ ከሚለው ውስጥ ማውጫ አስገቡ። ገጽ በተቀያየረ ቁጥር ማውጫው ላይ ጠቅ አድርጋችሁ ኤፍ 9ን ተጫኑ።