ክኒኑን እየዋጥኩ ቲኤስኤች ለምን አልወርድ አለ?

ታይሮይዱ (አንገት ላይ ያለው ሆርሞን አመንጪ ዕጢ) ለሰነፈበት ሰው የሚታዘዘውን ሌቮታይሮክሲን ማደል ከጀመርኩ ዓመታት ተቆጥረዋል። ክኒኑን መስጠት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጊዜ የሚበላው ወረቀቱ ነው። ሰዉ የላቦራቶሪ ውጤቱን መስኮቱ ላይ ይዘረጋና ጣቱን ቀስት የተደረገበት ቁጥር ላይ አሳርፎ "ይሄ ምንድን ነው?" ይለኛል።

ቲኤስኤች፣ ማለትም ፒቱታሪ (አንጎል ሥር ያለች ዕጢ) ታይሮይዱን የምታዝበት ሆርሞን፣ ከፍ ሲል የታይሮይዱ ሆርሞን አነሰ ማለት እንደሆነ፣ ብዙ ላቦራቶሪዎችም ከ0.4 እስከ 4 አካባቢ ያለውን ኖርማል እንደሚሉት ታውቃላችሁ ብዬ ልለፈው። የሁለት ላቦራቶሪ ወረቀት ስታስተያዩ ግን አሃዱን ተመልከቱ። ፍሪ ቲ4 (ደም ውስጥ ያለው የታይሮይድ ሆርሞን፤ ክኒኑ የሚተካው እሱን ነው) አንዱ ጋ 1.2፣ ሌላው ጋ 15 ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱም ያው ነው፤ የተለያየው አሃዱ ነው። በዚህ ብቻ ደንግጠው እንቅልፍ ያጡ ሰዎች አይቻለሁ።

"ሳላቋርጥ እወስዳለሁ፤ ቲኤስኤች ግን ከፍ እንዳለ ነው"

እጅ እጅ እስኪለኝ ያየሁት ይሄን ነው። ሐኪሙ ዶዝ ይጨምራል፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አይልም። ደግሞ ይጨመራል። ጥፋቱ ግን ብዙ ጊዜ ዶዙ ላይ አይደለም። ክኒኑ ከምን ጋር ወደ ሆድ እንደሚገባ ነው።

አንዲት እናት ከ50 ማይክሮግራም ጀምረው፣ በ75 እና በ100 አልፈው 125 ደርሰዋል። አሁን ደግሞ የ150 ማዘዣ ይዘው መጡ። ቀጭን፣ ደቃቃ ሴት ናቸው። ታይሮይዱ ጨርሶ ለማይሠራ ሰው እንኳ በኪሎ 1.6 ማይክሮግራም አካባቢ ይበቃል። እሳቸው 50 ኪሎም አይሞሉ። ሒሳቡ አልገጥም አለኝ።

"እማማ፣ ጠዋት እንዴት ነው የሚወስዱት? እስቲ ያሳዩኝ" አልኳቸው። ከቦርሳቸው የሳምንቱ ቀናት የተጻፉበት የክኒን ሣጥን አወጡ። የሰኞን ክዳን ከፈቱና መዳፋቸው ላይ ገለበጡት። ትንሿ የታይሮይድ ክኒን፣ ትልቁ ነጭ ካልሲየም፣ ቀዩ አይረን። "ልጄ፣ አንዴ ጉርስ አድርጌ በቡና ነው የማወርደው" አሉኝ። አንድም ቀን ዘለው ስለማያውቁ ኮራ ብለው ነው የነገሩኝ።

ካልሲየምና አይረን ሌቮታይሮክሲንን አንጀት ውስጥ ይይዙታል። ደም ውስጥ መግባት የነበረበት መድኃኒት ከሰገራ ጋር ይወጣል። ቡናም የሚገባውን መጠን ይቀንሳል።

መፍትሄው ገንዘብ አይጠይቅም። ክኒኑን በባዶ ሆድ፣ በውኃ ብቻ፣ ከቁርስና ከቡና ከ30 እስከ 60 ደቂቃ ቀድማችሁ ዋጡ። ካልሲየም፣ አይረንና የጨጓራ ማስታገሻ ሽሮፕ 4 ሰዓት ይራቁት። መልቲቫይታሚን ውስጥም አይረንና ካልሲየም አለ፤ "ቫይታሚን እኮ ነው" አትበሉኝ። ጠዋት የምትጣደፉ ከሆነ ማታ፣ ከእራት 3 ሰዓት በኋላ መዋጥም ይቻላል። አንዱን ሰዓት ምረጡና አትቀያይሩት። ኦሜፕራዞል የሚወስድ ሰው ለሐኪሙ ይንገር፤ የጨጓራ አሲድ ሲቀንስ ክኒኑም በደንብ አይገባም። ክኒኑን ደግሞ ከምድጃ በላይ ወይም መታጠቢያ ቤት አታስቀምጡት። ሙቀትና እርጥበት ይገድለዋል።

አሁን የምጽፈውን ራሴ ተሳስቼ ነው የተማርኩት። እማማን ካልሲየምና አይረኑን ወደ ማታ እንዲያዛውሩ፣ 125ቱንም በዚያው እንዲቀጥሉ ነገርኳቸው። ለሐኪማቸው ግን አልደወልኩም። ከሁለት ወር በኋላ ልባቸው እየደለቀ፣ እንቅልፍ አጥተው መጡ። ቲኤስኤች 0.05! ሲባክን የኖረው ዶዝ በአንድ ጊዜ መግባት ጀምሮ ነበር። ሆርሞን ሲበዛ የልብ ምትን ያዛባል፤ በተለይ በዕድሜ ለገፋ ሰው። አጥንትም ያሳሳል። ስለዚህ አወሳሰዳችሁን ያስተካከላችሁ ዕለት ለሐኪማችሁ ንገሩ። ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ተለኩ።

ከዚያ በፊት መለካት ግን ትርፉ ድካም ነው። ሌቮታይሮክሲን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 7 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ቲኤስኤች ደግሞ ከእሱም ይዘገያል። በሁለተኛው ሳምንት ተለክቶ "አልሠራም" ብሎ ዶዝ የሚያስጨምር ሰው ያበሳጨኛል። በሁለተኛው ሳምንት የሚጨምርለት ደግሞ ይብሳል።

ቲኤስኤች ከፍ ብሏል፣ ፍሪ ቲ4 ግን ኖርማል ነው፤ እንዲያውም ከፍ ብሏል

ክኒን ላይ ያለ ሰው ይሄ ከወጣበት መጀመሪያ የምጠይቀው "ስንት ቀን ዘለልክ?" ብዬ ነው። አንድ ጎረምሳ ቲኤስኤች 18 ይዞ መጣ። "በየቀኑ ነው የምወስደው" ብሎ ማለልኝ። መዝገቡን ገለጥኩ። የ30 ቀን ክኒን የወሰደው ከሦስት ወር በፊት ነው፤ ኪሱ ውስጥ ደግሞ ገና ስምንት ፍሬ ቀርቶታል። ቀጠሮው ሲቃረብ አንድ ሳምንት በትጋት ይውጣል። ፍሪ ቲ4 የዚያን ሳምንት ትጋት ያሳያል። ቲኤስኤች ግን ያለፉትን ሳምንታት አይረሳም። ላቦራቶሪውን ማታለል ይቻል ይሆናል፤ ፒቱታሪን ግን አይቻልም።

መፍትሄው የስልክ አላርም፣ ወይም ክኒኑን ከአልጋው ራስጌ ማስቀመጥ ነው። አንድ ቀን መዝለል ጉዳት የለውም፤ ልማድ ሲሆን ነው። ደም በምትሰጡበት ጠዋት ክኒኑን ከተቀዳችሁ በኋላ ዋጡ። ቀድማችሁ ከዋጣችሁ ፍሪ ቲ4 ለተወሰኑ ሰዓታት ከፍ ብሎ ይታያል።

ክኒን ያልጀመረ ሰው ላይ ቲኤስኤች ከፍ ብሎ ፍሪ ቲ4 ኖርማል ከሆነ ታሪኩ ሌላ ነው። ቲኤስኤች ከ10 በታች ከሆነ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ሦስት ወር በኋላ ይደገማል። ሰውነት የራሱን ታይሮይድ እያጠቃ እንደሆነ የሚያሳየው የቲፒኦ አንቲቦዲ ምርመራም ይታከላል። በአንድ ወረቀት ብቻ ለዕድሜ ልክ መድኃኒት አትቸኩሉ።

ቲኤስኤች ወርዷል፣ ቲ4 ወጥቷል፤ ሰውየው ግን ምንም አልሆነም

ልብ አይደልቅ፣ እጅ አይንቀጠቀጥ፣ ክብደት አልቀነሰ። የፀጉርና የጥፍር ቫይታሚን ትወስዳላችሁ? ውስጡ ባዮቲን አለ። ለአንድ ሰው በቀን 30 ማይክሮግራም ይበቃል፤ እነዚህ ብልቃጦች ላይ 5,000 ወይም 10,000 ተጽፎ ታያላችሁ። ባዮቲን ታይሮይዱን አይነካም፤ የሚያሳስተው አንዳንድ መመርመሪያ ማሽኖችን ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ማስጠንቀቂያ ያወጣበት ነገር ነው። አንዲት ልጅ ለሌላት በሽታ የታይሮይድ ማብረጃ ታዞላት በእጇ ይዛ ነው የደረሰችብኝ። ከምርመራው ቢያንስ 2 ቀን በፊት አቁሙት፤ ዶዙ ትልቅ ከሆነ ከዚያም በላይ።

ሁሉም ቁጥር ኖርማል ነው፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም

ይሄን የሚለኝን ሰው አምነዋለሁ። መጀመሪያ የማየው ቀኑን ነው። ቁጥሩ ኖርማል ከሆነ ሦስት ሳምንት ብቻ ከሆነው አካሉ ገና አልደረሰበትም። ፀጉር እስኪመለስ ወራት ይፈጃል። ክብደት ላይ ደግሞ እውነቱን ልናገር፦ ታይሮይድ ሲሰንፍ የሚጨምረው አብዛኛው ውኃና ጨው ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ2 እስከ 5 ኪሎ ቢሆን ነው። አሥራ አምስት ኪሎ ለማውረድ ብሎ ዶዝ የሚጨምር ሰው በልቡ እየቀለደ ነው።

ወራት አልፈውም ድካሙ ካለ ቲኤስኤችን ከ3 ወደ 1 ለማውረድ መታገል ብዙ አይጠቅምም። ሌላ ቦታ ፈልጉ። እኔ መጀመሪያ ፌሪቲን አስለኩ እላለሁ። ሄሞግሎቢን ኖርማል ሆኖ የአይረን ክምችት ባዶ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ የወር አበባዋ በሚበዛ ሴት። ቀጥሎ ቢ12። ሃሺሞቶ (ሰውነት የራሱን ታይሮይድ የሚያጠቃበት በሽታ) ያለበት ሰው ሰውነቱ ጨጓራውንም ሊያጠቃ ስለሚችል ቢ12 ሊያንሰው ይችላል። ከዚያ እንቅልፍ። አንድ ደንበኛዬ ዓመት ሙሉ ዶዝ ሲያስቀይር ኖሮ፣ አንድ ቀን ባለቤቱ አብራው መጣች። "ሌሊት ትንፋሹ ጸጥ ይልብኛል፤ ስገፋው ነው የሚመለሰው" አለች። የእንቅልፍ ምርመራ ተደረገለት፤ ትንፋሹ በእርግጥም ይቋረጥ ነበር። ድብርትም፣ ማረጥም ልክ እንደ ታይሮይድ ሊመስሉ ይችላሉ።

ይሄ ሁሉ ተጣርቶ የማይሻላቸው ጥቂት ሰዎች አሉ። ቲ3 (ሌላኛው የታይሮይድ ሆርሞን) መጨመር የሚለው ሐሳብ የሚነሳው ያኔ ነው፤ እሱም በስፔሻሊስት እጅ። ከጓደኛ ተበድሮ የሚዋጥ ነገር አይደለም።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ

ፍሪ ቲ4 ወርዶ ቲኤስኤች ኖርማል ወይም ዝቅተኛ ከሆነ ችግሩ ፒቱታሪ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ኮርቲሶል (ከኩላሊት በላይ ያለው ዕጢ ሆርሞን) ሳይታይ ክኒን አይጀመርም።

አሚዮዳሮን (የልብ ምት መድኃኒት) ወይም ሊቲየም (የአእምሮ ሕመም መድኃኒት) የሚወስድ ሰው ታይሮይዱን በየጊዜው ይለካ።

ያረገዘች ሴት ቀጠሮ አትጠብቅ። ብዙ ጊዜ ዶዙ ገና ከመጀመሪያው ሳምንታት ከ25 እስከ 30 በመቶ መጨመር አለበት፤ እርግዝናው በታወቀበት ቀን ለሐኪሟ ትደውል።

ታይሮይዱ በዝቶ ካርቢማዞል ወይም ፕሮፒልታዮዩራሲል የሚወስድ ሰው ትኩሳትና የጉሮሮ ሕመም ከጀመረው ክኒኑን አቁሞ ያንኑ ቀን ነጭ የደም ሕዋሱን ያስቆጥር። ጉንፋን ነው ብሎ አይደር።