በደጋ አገር የሕፃናትን የዳይፐር ሽፍታ መከላከልና ማከም

በደብረ ብርሃን፣ በመሐል ሜዳ ወይም በአንኮበር ልጅ የታቀፈች እናት ከዘመድም ከጎረቤትም አዘውትራ የምትሰማው ምክር «ብርድ እንዳይመታው» የሚል ነው። ምክሩ ተገቢ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ሜዳው በውርጭ ነጥቶ ያድራል፣ በሐምሌና በነሐሴ ደግሞ ጉሙና ዝናቡ ፋታ አይሰጡም። ስለዚህ ሕፃን ይጠቀለላል፣ ይደራረብለታል፣ በጋቢ ሥር ይታዘላል። ችግሩ የሚጀምረው ብርዱን ፈርተን የሽንት ጨርቁን ቶሎ ቶሎ መፍታት ስንተው ነው። በእኔ እምነት በደጋው አካባቢያችን «ዳይፐር አቃጠለው» የምንለው መቆጣት የሚበረታው እናቶች ንጽሕና ስለሚጎድላቸው አይደለም፤ ልጁን መግለጥ ስለሚፈሩ ነው።

ቆዳው የሚቆጣበት ምክንያት ሲታወቅ መከላከያው ራሱ ግልጽ ይሆናል። ለረጅም ሰዓት የረጠበ ቆዳ ይለሰልሳል፣ ይሳሳል፣ ከጨርቅ ጋር ሲፋተግም በቀላሉ ይላላጣል። ሽንት ከሰገራ ጋር ተቀላቅሎ ሲቆይ አሞኒያ ይፈጠራል፤ ይህም በሰገራው ውስጥ ያሉትን ምግብ የሚፈጩ ኢንዛይሞች ይበልጥ ኃይለኛ ስለሚያደርጋቸው ቆዳውን ይበላሉ። ሰገራ ከሽንት ይልቅ የሚያስፈራው በዚሁ ምክንያት ነው። ሽፍታው ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ዕድሜ በብዛት የሚታየውም ልጁ ተጨማሪ ምግብ ጀምሮ ሰገራው ስለሚለወጥ፣ እንዲሁም እየተቀመጠና እየዳኸ ቆዳው ከጨርቁ ጋር ስለሚፋተግ ነው።

ይህን እኔ የተማርኩት ዘግይቼ ነው። የመጀመሪያ ልጄ አሥረኛ ወሯን በያዘችበት ሐምሌ መቀመጫዋ ቀልቶ መላላጥ ሲጀምር ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። የተቀበለችን ነርስ መድኃኒት ከማዘዟ በፊት ልጄን አልጋው ላይ አስተኛቻትና «እህቴ፣ እስቲ እጅሽን አስገቢ» አለችኝ። ከላይ የሱፍ ሱሪ፣ ከሥሩ የላስቲክ ቁምጣ፣ ከእሱም ሥር ሁለት እጥፍ ጨርቅ ነበር። እጄን ሳስገባ ሙቀቱ ከተከደነ ድስት እንደሚወጣ እንፋሎት ተቀበለኝ፤ የጣቶቼም ጫፎች ረጠቡ። «ውጭው ደጋ ነው፣ ልጅሽ ግን ቆላ ውስጥ ናት» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የልጆቼን ሙቀት የምጠብቀው በደረታቸው፣ በራሳቸውና በእግራቸው ላይ በማልበስ ነው እንጂ ወገባቸውን በላስቲክ በማፈን አይደለም።

በብርድ ቀን ጨርቅ መቀየር የሚከብደው ልጁ ተገልጦ ሳለ ዕቃ መፈለግ ስንጀምር ነው። ስለዚህ ለብ ያለ ውኃ በሳህን፣ ለስላሳ ማጠቢያ ጨርቅ፣ ማድረቂያ፣ ቅባትና ደረቅ ዳይፐር አስቀድመው በአጠገብዎ ያዘጋጁ። በሩንና መስኮቱን ይዝጉ፣ ልጁን ባና ወይም ወፍራም ብርድ ልብስ ላይ ያስተኙ፣ ደረቱንና እግሩን እንደለበሰ ትተው ከወገቡ በታች ብቻ ይግለጡት። የውኃውን ሙቀት በክርንዎ ይለኩ። ሴት ልጅ ከሆነች ሰገራ ወደ ሽንት መሽኛዋ እንዳይሄድ ከፊት ወደ ኋላ ይጥረጉ፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ የብልቱን ቆዳ ወደ ኋላ ለመሳብ አይሞክሩ። በየጊዜው ሳሙና መጠቀም አያስፈልግም፤ ለሽንት ውኃ ብቻ ይበቃል፣ ለሰገራም ሽታ የሌለው ለስላሳ ሳሙና በጥቂቱ ይበቃል። ሽቶ ወይም አልኮል ያለበት ዋይፕስ (እርጥብ መጥረጊያ) የተቆጣ ቆዳን ስለሚያቃጥል ሽፍታው እስኪድን ይተዉት።

ከማጠቡ ይልቅ ብዙዎቻችን የምንሳሳተው በማድረቁ ነው። ቆዳውን አይሹት፤ እየነካኩ ውኃውን እንዲመጥ ያድርጉ። ለዚህ ብዙ ጊዜ ታጥቦ የሳሳ አሮጌ ነጠላ የሚያህል ነገር አላገኘሁም። በብሽሽቱ እጥፋትና በጭኑ መካከል ያለውን እርጥበት በጥንቃቄ ካደረቁ በኋላ ሌላ ዳይፐር ወዲያው ከማሰር ይልቅ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ክፍት ይተዉት። በበጋ ወራት ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ነፋስ በማይገባበት መስኮት ሥር የሚገባ ፀሐይ ለዚህ ምቹ ነው። በክረምት ደግሞ ልጁን ደረትዎ ላይ አስተኝተው ከሥሩ ደረቅ ጨርቅ ያንጥፉ፣ ጀርባውንም በጋቢ ይሸፍኑት፤ የእርስዎ ገላ ያሞቀዋል፣ መቀመጫውም አየር ያገኛል። ክፍሉን ለማሞቅ ሲባል ግን የከሰል ምድጃ በተዘጋ ቤት ውስጥ ፈጽሞ አያስገቡ። ከከሰል የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ ሕፃንንም አዋቂንም ይገድላል።

የቅያሬው ሰዓት እንደ ልጁ ዕድሜ ይለያያል። አዲስ የተወለደ ልጅ በቀን 10 ወይም 12 ጊዜ ሊቀየርለት ይችላል፤ ከፍ ያለው ግን በየ3 ሰዓቱ ቢታይ ይበቃዋል። ሰገራ ሲወጣ ግን ሰዓት አይጠበቅም፣ ወዲያውኑ ነው። ገበያ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሄደው ልጁ ጀርባዎ ላይ ተኝቶ ሲቆይ መርሳት ቀላል ስለሆነ ከአንቀልባው ባወረዱት ቁጥር ይዩት።

የሚጣለው ዳይፐር ውድ በመሆኑ «እስኪሞላ ይቆይ» ማለት የተለመደ ነው፤ ነገር ግን ለመቆጠብ ተብሎ የቆየው ዳይፐር ብዙ ጊዜ ለቅባትና ለመድኃኒት ያስከፍላል። አቅም ለሚያጥረው ቤት የምመክረው ቀን ቀን ጨርቅ እየተጠቀሙ የሚጣለውን ለሌሊትና ለመንገድ ማቆየትን ነው። ውስጡ ያለው መጣጭ ነገር ሽንቱን ከቆዳው ስለሚያርቅ ረጅሙን የሌሊት ሰዓት ከጨርቅ በተሻለ ያሳልፋል። ሲያስሩት ሁለት ጣት ወገቡ ላይ በቀላሉ ይግባ። ጭኑ ላይ የላስቲኩ ምልክት ሰምጦ ከታየ ቁጥሩ አንሶታል ማለት ነው።

ጨርቅ የሚጠቀሙ ከሆነ ሰገራውን አራግፈው በቀዝቃዛ ውኃ ይዘፍዝፉት፣ በሳሙና ይጠቡት፣ ከዚያም ውኃው አረፋ አልባ ሆኖ እስኪጠራ ድረስ ደጋግመው ያለቅልቁት። ጨርቁ ላይ የቀረ ኦሞ ወይም በረኪና ሽንት ሲነካው ይሟሟና ቆዳውን እንደገና ያቃጥለዋል። ልጁ ሽፍታ ወይም ተቅማጥ ካለበት ጨርቁን ማፍላት ይጠቅማል። በበጋ ፀሐይ ያደርቀዋል፤ በሐምሌ ግን ገመድ ላይ ሁለት ቀን ውሎም እርጥበቱ አይለቅም። ስለዚህ ክረምት ከመግባቱ በፊት የጨርቆቹን ቁጥር ወደ 20 ማድረስና ጠፍጠፍ ያለውን በካውያ ግራና ቀኝ ተኩሶ ማድረቅ ያስፈልጋል። ደርቋል ብለው ያሰቡትን ጨርቅ ጉንጭዎ ላይ አድርገው ይሞክሩት፤ ቅዝቃዜ ከተሰማዎት ገና ነው።

ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ የሚቀባው ቅባት ሥራው እርጥበትን መከለል ነው። ጤነኛ ቆዳን ለመጠበቅ ሽቶ የሌለው ቫዝሊን በስሱ ይበቃል። መቅላት ከጀመረ ግን ዚንክ ኦክሳይድ ያለበት ነጭ ቅባት ይሻላል፤ እሱንም ቆዳው እስኪሸፈን ድረስ ወፈር አድርገው ይቀቡት። በሚቀጥለው ቅያሬ ነጩን ሙሉ በሙሉ ፈግፍጎ ማንሳት ቆዳውን ስለሚያቆስለው የቆሸሸውን የላይኛውን ብቻ አንሥተው ሌላ ይደርቡበት። ፓውደር መነስነስን አልመክርም፤ ብናኙ ሕፃኑ ሲተነፍስ ወደ ሳንባው ይገባል፣ እጥፋት ውስጥም ተጋግሮ ቆዳውን ይፍቃል። ቅቤን በተመለከተ እናቶቻችን በፍቅር እንደሚቀቡት አውቃለሁ። ሆኖም ለጋ ቅቤ በውስጡ ጀርም ሊኖር ስለሚችል በተላጠ ቆዳ ላይ ባይደረግ መልካም ነው። አያትየው ቅቤ ይዘው ሲመጡ «እማ፣ ቁስሉ እስኪደርቅ እንቆየው፤ እስከዚያ እግሩን ይሹልኝ» ማለት አያስቀይማቸውም።

በሸዋ ሮቢት፣ በአጣዬና በሌሎች ቆላማ ቦታዎች ላሉ ወላጆች ነገሩ በተቃራኒው ነው። እዚያ ጠላቱ ላብ ነው፤ ከቤት ውስጥ ልጁን ያለ ዳይፐር ጨርቅ ላይ አስተኝቶ ማዋል ይቻላል፣ የላስቲክ ቁምጣም ፈጽሞ አያስፈልግም።

በዚህ መንገድ የተያዘ ቀላል መቆጣት በ2 ወይም በ3 ቀን መሻል አለበት። ካልተሻለ ምናልባት ፈንገስ ገብቶበታል። ለመለየት እጥፋቱን ይመልከቱ። ተራው መቆጣት ጨርቁ የሚነካቸውን ጎላ ያሉ ቦታዎች ይይዛል፣ የብሽሽቱን እጥፋት ግን ብዙ ጊዜ ያልፈዋል። ፈንገስ ደግሞ እጥፋቱ ውስጥ ገብቶ ደማቅ ቀይ ይሆናል፣ በዳሩም ዙሪያ የተበታተኑ ጥቃቅን ቀይ ነጥቦች ይታያሉ። አንቲባዮቲክ የወሰደ ወይም በአፉ ውስጥ ተፍቆ የማይለቅ ነጭ ነገር ያለበት ልጅ ለዚህ ይበልጥ ይጋለጣል። መድኃኒቱ እንደ ክሎትሪማዞል ወይም ኒስታቲን ያለ የፈንገስ ቅባት ነው፤ ባለሙያው ያዘዘውን ቀን ሳያቋርጡ መጨረስ ይገባል። በመጀመሪያ መድኃኒቱን በስሱ ይቀቡ፣ ከላይ ዚንኩን ይደርቡ። አፉ ውስጥ ካለም የልጁ አፍና የእናት ጡት አብረው ካልታከሙ ተመልሶ ይመጣል።

የቆዳን መቆጣት ስለሚያበርደው ስቴሮይድ ስለተባለ ቅባት ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም። ነርሷ ዘንድ ከመሄዴ በፊት አንድ የመድኃኒት መሸጫ «ለሁሉም ነገር ይሆናል» ብሎ የሰጠኝን ቅባት ለልጄ ቀብቼላት ነበር። በሁለተኛው ቀን ቅላቱ ጠፋ፣ እኔም ደስ አለኝ፤ ባቆምኩት ሳምንት ግን ከበፊቱ ብሶ ተመለሰ። ቤታሜታዞንን የመሰለ ኃይለኛ ስቴሮይድ የነበረበት ነው። በዳይፐር በተሸፈነ የሕፃን ቆዳ ላይ እንዲህ ያለው መድኃኒት በብዛት ወደ ሰውነት ይገባል፣ ቆዳውን ያሳሳል፣ ፈንገስ ካለም ሸፍኖ ያስፋፋዋል። አስፈላጊ ሆኖ ሲገኝ እንኳ የሚታዘዘው ደካማው ሃይድሮኮርቲዞን፣ ለጥቂት ቀናት ብቻ፣ በባለሙያ ትእዛዝ ነው። የቱቦውን ጽሑፍ ሳያስነብቡ ምንም አይቀቡ።

ተቅማጥ ያለበት ልጅ ሽፍታው በአንድ ቀን ሊብስ ይችላል። «ጥርስ ሊያበቅል ነው» ብሎ መተው አይገባም፤ ጥርስ ተቅማጥ አያመጣም። ጤና ኬላ ሲወስዱት በውኃ ተበጥብጦ ከሚጠጣው ኦአርኤስ ጋር የዚንክ እንክብል ለ10 ቀን ይሰጠዋል፤ ይህ የሚዋጥ ዚንክ ከሚቀባው ጋር ስሙ ቢመሳሰልም አጠቃቀሙ ሌላ ስለሆነ እንክብሉን አድቅቀው ቁስሉ ላይ አያድርጉ። ጡት ማጥባቱንም አያቋርጡ።

ትኩሳት፣ መግል፣ ቢጫ ቅርፊት፣ ውኃ የቋጠረ እብጠት ወይም የሚደማ ቁስል ካዩ፣ ልጁ ጡት ከተወ፣ ወይም ዕድሜው ከ1 ወር በታች ከሆነ ቤት ውስጥ አይቆዩ። ሽፍታው በአፉ ዙሪያ፣ በእጁና በእግሩም ካለ ወይም ሌሊት የሚያሳክከው ሆኖ ሌላው ቤተሰብም የሚያክ ከሆነ፣ ጉዳዩ የዳይፐር ሳይሆን የሌላ በሽታ ወይም የእከክ ሊሆን ይችላል። ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ባለሙያው ቆዳውን በግልጽ እንዲያየው ነጩን ቅባት አይቀቡ፤ እስከዚያ ቀን የቀቡትን ሁሉ ግን ከነካርቶኑ ይዘው ይሂዱ።