ቶክን ከመግዛትህ በፊት እንዴት ታጣራለህ? ከመሸጫው ጀምር

እናትህ ቅዳሜ ገበያ ቅቤ ስትገዛ አይተህ ከሆነ ላዩን አይታ ብር አታወጣም። ስንጥር እስከ ታች ሰድዳ ታወጣና ታሸታለች። መሃሉ ሙዝ ሊሆን ይችላላ! እኔም ይህን እያየሁ ነው ያደግሁት። ግን ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ባልኩበት፣ ጓደኛዬ በቴሌግራም የላከልኝን ቶክን (በኢንተርኔት የሚሸጥ የክሪፕቶ ገንዘብ) ሳላሸት ገዛሁት። በሦስት ቀን ስክሪኑ ላይ አራት እጥፍ ሆነ። ልሽጠው ስል አልሸጥ አለ። ዛሬም ዋሌቴ (የክሪፕቶ ኪሴ) ውስጥ አለ፤ ቁጥሩ ያምራል።

ከዚያ ወዲህ ሰው "ይሄ ነገር ያድጋል?" ሲለኝ መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ስትሸጥ ከየት ነው የሚከፈልህ?

መጀመሪያ አድራሻውን ያዝ። ስም ዋጋ የለውም፤ ማንም ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ የታዋቂ ቶክን ስም የያዘ ቶክን ሊሰራ ይችላል። የሚለየው የኮንትራት አድራሻው፣ ማለትም የቶክኑ ኮድ የተቀመጠበት ቦታ መለያ ነው። ቶክኑ ኢተርየም በሚባለው የክሪፕቶ መረብ ላይ ከሆነ በዜሮና በኤክስ የሚጀምር 42 ፊደልና ቁጥር ነው። ከቴሌግራም ግሩፕ አትቅዳው። የቶክኖችን ዋጋና መረጃ በሚዘረዝረው ኮይንጌኮ ላይ ፈልገህ፣ ከፕሮጀክቱ ዌብሳይት ጋር አስተያይ። መጀመሪያውንና መጨረሻውን አራት ፊደል ብቻ አይቶ ማለፍ የለም፤ አጭበርባሪዎቹም እሱን ያውቃሉ።

አድራሻውን ይዘህ የኢተርየምን ዝውውር የሚያሳየው ኢተርስካን ዌብሳይት ግባ። ቶክኑ በሌላ መረብ፣ በቢኤንቢ ቼይን ላይ ከሆነ ቢኤስሲስካን፣ ሶላና ላይ ከሆነ ሶልስካን። ነፃ ናቸው፣ ምዝገባም አይጠይቁም። "ሆልደርስ" የሚለውን ተጫን። ቶክኑን ማን ማን ምን ያህል እንደያዘ በመቶኛ ተዘርዝሮ ይመጣል። ከላይ ያሉት አንዳንዶቹ የመገበያያ ድርጅቶች ወይም የተቃጠለ (ለዘላለም ከአገልግሎት የወጣ) ቶክን የሚጣልባቸው አድራሻዎች ናቸው፣ እነሱን እለፋቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ዋሌት ብቻውን ሲሶውን ይዞ ካየህ፣ ያ ሰው የሸጠ ቀን አንተ ምን እንደምትሆን አስብ። አስሩ ዋሌቶች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ምንጭ ብር ተልኮላቸው የተከፈቱ ከሆነም አስር ሰው ሳይሆን አንድ ሰው አስር ኪስ ሰፍቶ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ሊኩዊዲቲ፣ ስትሸጥ የሚከፈልህ ገንዘብ መኖሩ።

ያልተማከለ ገበያ (ያለ ድርጅት በኮድ ብቻ የሚሠራ) ላይ ስትሸጥ ከወዲያ ማዶ የሚጠብቅህ ሰው የለም፤ ያለው አንድ ገንዳ ነው፣ ግማሹ ቶክን፣ ግማሹ ዶላር ወይም ኢተር (የኢተርየም ገንዘብ)። ዴክስስክሪነር በሚባል ዌብሳይት ላይ የገንዳውን መጠን ታየዋለህ። ገንዳው 10 ሺህ ዶላር ከሆነ እውነተኛው ገንዘብ 5 ሺህ ብቻ ነው። አንተ በስክሪኑ ዋጋ 1 ሺህ ዶላር የሚያወጣ ቶክን ብትሸጥ የሚደርስህ ወደ 833 ነው፣ የራስህ ሽያጭ ዋጋውን እየጣለው ስለሚሄድ። 5 ሺህ የሚያወጣ ቶክን ቢኖርህ ደግሞ 2 ሺህ 500 ነው የምታገኘው፣ እሱም ከአንተ በፊት ማንም ካልሸጠ። "ማርኬት ካፑ 5 ሚሊዮን ደርሷል" የሚለው ወሬ (የአንዱ ዋጋ በቶክኑ ብዛት ተባዝቶ ማለት ነው) እዚህ ጋ ያበቃል።

ያ ገንዳ መቆለፉንም፣ ማለትም ያስቀመጠው ሰው እስከ ተወሰነ ቀን ማውጣት እንዳይችል መደረጉን እይ። ካልተቆለፈ ባለቤቱ ሌሊት ዶላሩን ጠራርጎ ይሄዳል፣ አንተ ጠዋት ቶክንህን ታቅፈህ ትነሳለህ። ተቆልፏል ካሉህም እስከ መቼ? ለአንድ ወር የተቆለፈ ነገር በወሩ ይከፈታል።

እኔን የበላኝ ግን ሌላ ነው። ቶክኑ የተሠራበት ኮድ ራሱ መሸጥ ይከለክላል፤ ሃኒፖት (የማር ማሰሮ) ይሉታል፣ ማሰሮው ውስጥ ዝንቡ ይገባል እንጂ አይወጣም። በ2021 (እ.ኤ.አ.) በኮሪያው ተከታታይ ፊልም በስኩዊድ ጌም ስም የወጣው ቶክን እንዲህ ነበር። ከ2 ሺህ 800 ዶላር በላይ ወጥቶ በደቂቃዎች ውስጥ ወደ ዜሮ ወረደ፤ ሲወጣ የገዙት አብዛኞቹ መሸጥ አልቻሉም ነበር። ይህን ለማየት ፕሮግራመር መሆን አይጠበቅብህም፣ አድራሻውን ስታስገባለት የሽያጭ ሙከራ አድርጎ ውጤቱን የሚነግርህ ሃኒፖት መፈተሻ አለ። ስትሸጥ ኮዱ የሚቆርጥብህን የሽያጭ ታክስም ያሳይሃል፤ ኮዱ ኢተርስካን ላይ ካልተረጋገጠ (ማንም እንዲያየው ካልተለጠፈ) ግን መፈተሽም አያስፈልግ፣ ዝጋው።

"አንድ ዶላር ይገባል" ለሚሉህ ደግሞ ማባዛት በቂ ነው። ሺባ ኢኑ የሚባለው ቶክን ገበያ ላይ ያለው ወደ 589 ትሪሊዮን ነው። አንዱ አንድ ዶላር ይግባ ማለት 589 ትሪሊዮን ዶላር ነው፣ የዓለም ሀገራት ሁሉ በዓመት ከሚያመርቱት በብዙ እጥፍ የሚበልጥ። ገና ያልተለቀቀ ቶክን ካለም የሚለቀቅበትን ቀን ፈልግ፣ ብዙውን ጊዜ ዋጋው የሚወርደው ያኔ ነው።

"ከእገሌ ጋር ሠርተናል" ሲሉ የእገሌን ገጽ እይ። እውነት ሆኖ ቢገኝም ዋጋ ይወጣል ማለት አይደለም። ካርዳኖ የሚባለውን የክሪፕቶ መረብ የሠራው ኩባንያ በ2021 ከእኛው ትምህርት ሚኒስቴር ጋር ለ5 ሚሊዮን ተማሪዎች መዝገብ ስምምነት ማድረጉን ሲያስታውቅ ወሬው ውሸት አልነበረም። የካርዳኖ ቶክን ኤዳ ግን በዚያው ዓመት 3 ዶላር ነክቶ በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ወደ 0.25 ዶላር ወረደ።

ቶክኑን በሚያስተዋውቀው የቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አንዲት ጥያቄ ጣል፦ "ሊኩዊዲቲው እስከ መቼ ነው የተቆለፈው?" ካባረሩህ ምርመራህን ጨርሰሃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. የሀገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑን፣ በክሪፕቶ መገበያየትም ሕጋዊ አለመሆኑን አስጠንቅቋል። ስለዚህ ከተበላህ ገንዘብህን የሚያስመልስልህ መስኮት ማግኘት ይከብድሃል፤ ይህንን ከስሌትህ አታውጣ።

ሁሉንም አልፎ አሁንም ልግዛ ካልክ፣ ቢጠፋ ቤት ኪራይህን በማይነካ ጥቂት ገንዘብ ግዛና በዚያው ቀን ግማሹን ሽጥ። ገብቶልህ እንደሆነ ዋሌትህን እይ። በሳምንቱ ደግመህ ሞክር፣ መሸጫውን ቆይተው የሚዘጉም አሉና። ያን ቶክን የላከልኝ ጓደኛዬ ባለፈው ሌላ ላከልኝ። የሆልደሮቹን ዝርዝር ፎቶ አንስቼ መለስኩለት። "አንተማ ስታሸት ትቀራለህ" አለኝ።