ጄል እየሆነ ያስቸገረው የዚርኮኒየም ክላስተር ፖሊመር እንዴት ተስተካከለ

ዩአይኦ-66-ኤንኤች2 (የዚርኮኒየም ክላስተሮች፣ ማለትም የአተም ስብስቦች፣ በኦርጋኒክ ሞለኪውሎች ተያይዘው የሚሠሩት ባለ ቀዳዳ ክሪስታል) ሲሠራ ከቢጫ ዱቄት ይልቅ የሚያዝለገልግ ጄል ከወጣና የኤክስሬይ ዲፍራክሽኑ (የአተሞቹን አደራደር የሚያሳየው መለኪያ) ሰፊ ጉብታ ብቻ ካሳየ፣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ችኮላ ነው፤ ስድስት ዚርኮኒየም ያለው ክላስተርና አገናኙ ሞለኪውል ሳይደራጁ ይያያዛሉ።

እኔ ጋ የሠራው አሴቲክ አሲድ ነው። 0.233 ግራም ዚርኮኒየም ቴትራክሎራይድ በ50 ሚሊ ሊትር ዲኤምኤፍ (ዲሜቲልፎርማማይድ የተባለ አሟሚ ፈሳሽ) አሟሙቶ 1.7 ሚሊ ሊትር አሴቲክ አሲድ መጨመር፣ ከዚያ አገናኙን፣ 0.181 ግራም 2-አሚኖቴሬፍታሊክ አሲድና 0.07 ሚሊ ሊትር ውኃ። አሴቲክ አሲዱ በክላስተሩ ላይ ያለውን ቦታ ከአገናኙ ጋር ስለሚሻማ ክሪስታሉ ቀስ ብሎ ያድጋል። በ120 ዲግሪ ሴልሺየስ ለ24 ሰዓት ይቆይ። ክሎራይዱ እርጥበት ስለሚስብ በተደጋጋሚ የተከፈተ ጠርሙስ የውኃውን ልክ ያዛባል፤ ሃይድሮጅን ክሎራይድም ስለሚለቅ በጭስ መሳቢያ ሥር ይመዘን። ጥሩ ናሙና በመዳብ የኤክስሬይ ጨረር ሲለካ 7.4 እና 8.5 ዲግሪ አካባቢ ሹል ጫፎች አሉት።

ዱቄቱ በብርሃን እየታገዘ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ቀለም ማፍረሱ በሚፈተንበት የፎቶካታሊሲስ ሙከራ ላይ ደግሞ ቀለሙ ቀዳዳዎቹ ውስጥ ገብቶ ሲጠፋ በብርሃን የፈረሰ ይመስላል። ስለዚህ ዱቄቱን በዲኤምኤፍ፣ ቀጥሎም በሜታኖል ደጋግሞ ማጠብና ማድረቅ፤ ከዚያ የቀለሙ መጠን መቀነሱን እስኪያቆም በጨለማ ማማሰልና መብራቱን ያኔ ማብራት። ያለ ዱቄት፣ መብራት ብቻ የበራበት ሁለተኛ ብርጭቆም የግድ ነው፤ ሜቲሊን ብሉ ራሱ ብርሃን ይመጥጣልና።